ድምዳሜውን ያዙ፣ ክፍተቱን ፈልጉ፦ የኤልሳት ሎጂካል ሪዝኒንግ አሠራር

አሜሪካ ውስጥ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ያሰበ ሰው ኤልሳት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና መጋፈጡ አይቀርም። በምትኩ ጂአርኢን፣ ማለትም አጠቃላዩን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ዋናው በር ግን አሁንም ኤልሳት ነው። ፈተናው ከኦገስት 2024 ጀምሮ ተቀይሯል። ብዙ ሰው ሲያስለቅስ የኖረው ሎጂክ ጌምስ የሚባለው የእንቆቅልሽ ክፍል ወጥቶ፣ በቦታው ሁለተኛ የሎጂካል ሪዝኒንግ፣ ማለትም አጫጭር ሙግቶችን የመመርመር፣ ክፍል ገባ። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ናቸው፤ ሁለቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ፣ አንዱ የንባብ ክፍል። አራተኛ ክፍልም አለ። እሱ ጥያቄ መሞከሪያ ስለሆነ ነጥብ የለውም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገራችሁም። እያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ከነጥቡ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ሎጂካል ሪዝኒንግ ላይ ነው ማለት ነው። ከ120 እስከ 180 በሚሰጠው ውጤት ላይ ከፍ ማለት የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን የት ማዋል እንዳለበት ግልጽ ነው።

እኔ ኢሚግሬሽን ላይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሐበሻ ልጆች ጋር ይህን ፈተና እንሠራለን። አብዛኞቹ ሠራተኞች ናቸው። ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲጠብቅ አድሮ የሚመጣ አለ። ከሆስፒታል ሺፍት ወጥታ ልብሷን ሳትቀይር የምትመጣ አለች። ውድ የማዘጋጃ ኮርስ ለመክፈል አቅሙ የላቸውም። ጭንቅላቱ ግን አላቸው። አንድ ሰው ጉዳዩን በገዛ ቋንቋው የሚሰማው ጠበቃ ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ እነዚህ ልጆች እንዲገቡ በጣም እፈልጋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው እነሱን የማሠራበትን መንገድ ነው። ጂማት የሚባለውን የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለሚወስዱም ይጠቅማል፤ ክሪቲካል ሪዝኒንግ የሚባለው የእዚያ ፈተና ክፍል የዚህ ወንድም ነው።

ጥያቄው ምን ይመስላል?

አጭር ጽሑፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ዓረፍተ ነገር። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አለ። ከዚያ አምስት ምርጫ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሃያ አምስት ገደማ ጥያቄ ስላለ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ አካባቢ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። ጽሑፉን ቀድሞ ማንበብ ይሻላል የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። እኔ አልስማማም፤ በተለይ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነን ሰዎች። ምን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ አንብባችሁ እንደገና ለማንበብ የሚሆን ጊዜ የለም።

ብዙዎቹ ጽሑፎች ሙግት ናቸው። ሙግት ሁለት ነገር አለው፤ ማስረጃና ድምዳሜ። ማስረጃውን እንድትቀበሉት ነው የሚሰጣችሁ። ድምዳሜውን ግን የመቀበል ግዴታ የለባችሁም። በሁለቱ መካከል ደግሞ ጸሐፊው ሳይናገር የዘለለው ነገር አለ። እሱን ክፍተት እለዋለሁ። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት እዚያች ክፍተት ላይ ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ፣ አዳክም ቢላችሁ፣ አጠናክር ቢላችሁ፣ ስህተቱን ንገረኝ ቢላችሁ፣ የምትሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው።

አንድ ሙግት እስከ መጨረሻው እንሥራ

ይህንን ለልጆቹ ራሴ ያዘጋጀሁት ነው።

«አንድ ምግብ ቤት የበያይነቱን ዋጋ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት የበያይነቱ ሽያጭ በእጥፍ ጨመረ። ስለዚህ ሽያጩን የጨመረው የዋጋው መቀነስ ነው።»

ድምዳሜው የትኛው ነው? የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር። እዚህ ቀላል ነው። ፈተናው ላይ ግን ድምዳሜው መጀመሪያም መሃልም ሊቀመጥ ይችላል። «ስለዚህ» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ አትመኑ፤ ወደ ዋናው ድምዳሜ የሚያደርስ ትንሽ ድምዳሜም «ስለዚህ» ይላል። መለያው እንዲህ ነው። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ያዙና ለእያንዳንዳቸው «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሌላኛውን «ለምን» የሚመልሰው ማስረጃ ነው፤ የተመለሰለት ደግሞ ድምዳሜ ነው። ሌላም የሚደጋገም አካሄድ አለ። ጽሑፉ «አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ብሎ ይጀምርና «ግን ተሳስተዋል» ይላል። እንዲህ ከሆነ ድምዳሜው «ተሳስተዋል» የምትለው ናት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ማስረጃ ነው።

ወደ በያይነቱ እንመለስ። ማስረጃው ሁለት ነገር ይነግረናል። ዋጋ ቀነሰ፤ ከዚያ ሽያጭ ጨመረ። ድምዳሜው ግን የመጀመሪያው ሁለተኛውን አመጣው ይላል። ተከታትለው መጡ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ክፍተቱ ይህ ነው።

ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት እዚህ ቁሙ። ክፍተቱን በራሳችሁ አፍ ተናገሩት፤ በአማርኛ። «እንዴ፣ ሌላ ምክንያት ቢኖርስ?» በቃ፣ ይህን ያህል ይበቃል። እኔ ልጆቹን ሙግቱን ለእናታቸው እንደሚነግሩ አድርገው በአማርኛ እንዲናገሩት አደርጋለሁ። ቃል በቃል መተርጎም አይደለም፤ ሰውዬው ምን ሊያሳምነኝ ነው የሚለውን መያዝ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ስለ ቅሪተ አካል ወይም ስለ ማዘጋጃ ቤት በጀት ሲያወራ ቃላቱ ያስፈራራሉ። በአማርኛ ስትነግሩት ፍርሃቱ ይለቃል፤ የሚቀረው አጥንቱ ነው።

አሁን ጥያቄው «ሙግቱን በይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው?» ቢልስ? ምርጫዎቹ እነሆ፦

ሀ. ምግብ ቤቱ የጥብስን ዋጋ አልቀነሰም።

ለ. ዋጋው የተቀነሰው፣ አብዛኞቹ የምግብ ቤቱ ደንበኞች ሥጋና ወተት የማይበሉበት ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ሐ. አንዳንድ ደንበኞች ዋጋው መቀነሱን አላወቁም ነበር።

መ. በያይነቱ ከጥብስ ይልቅ ለጤና ይስማማል።

ሠ. በአካባቢው ያሉ ሌሎች ምግብ ቤቶችም በያይነቱ ይሸጣሉ።

መልሱ ለ ነው። ሽያጩን ሊያሳድግ የሚችል ሌላ ምክንያት አምጥቷል፤ ጾም። ሙግቱ ሙሉ በሙሉ ውድቅ ሆኗል ማለት አይደለም። ዋጋውም ትንሽ ረድቶ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን አዳክም እንጂ ግደል አላለም። ይህን ልዩነት ያዙ። «መልሱ ሙሉ በሙሉ ስላላፈረሰው አይሆንም» ብለው ትክክለኛውን የሚጥሉ ልጆች ብዙ ናቸው።

ሰው የሚወድቅበት ሐ ላይ ነው። አንዲት ጎበዝ ልጅ በሐ ስትከራከረኝ ነበር። «ጋሼ፣ ዋጋ መቀነሱን ካላወቁ እንዴት ዋጋው አመጣቸው ይባላል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን «አንዳንድ» ስንት ነው? ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰው ባያውቅ እጥፍ የሆነው ሽያጭ ላይ ምንም አይለወጥም። ከዚያ ወደ መ ሄደች። «ይሄ ግን እውነት ነው፤ በያይነቱ ለጤና ጥሩ ነው!» ሊሆን ይችላል። ግን ድሮም ለጤና ጥሩ ነበር። ታዲያ በእነዚህ ሁለት ወራት ብቻ ለምን ጨመረ? ምርጫው እውነት መሆኑን ማንም አልጠየቃችሁም። የተጠየቀው፣ እውነት ቢሆን ሙግቱን ምን ያደርገዋል የሚለው ነው።

ያው ሙግት፣ ሌላ ጥያቄ። «የሚያጠናክረው የትኛው ነው?» ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደማይችል የሚጠቁም ፈልጉ። ለምሳሌ «ዋጋ ባልቀነሱት የአካባቢው ምግብ ቤቶች የበያይነቱ ሽያጭ በእነዚያ ወራት አልጨመረም» የሚል። ጾም ቢሆን ኖሮ እነሱም ጋ ይጨምር ነበር።

ደግሞም ያው ሙግት፣ «ሙግቱ የግድ የሚያስፈልገው ያልተነገረ ግምት የትኛው ነው?» ይህ ኔሰሰሪ አሳምፕሽን የሚባለው ዓይነት ነው። ለዚህ የምወደው ዘዴ አለ። ምርጫውን ገልብጡት። የተገለበጠው ሙግቱን ካፈረሰው መልሱ እሱ ነው። አንዱ ምርጫ «ዋጋው ባይቀንስ ኖሮ ሽያጩ በእጥፍ አይጨምርም ነበር» ይላል እንበል። ገልብጡት፤ «ዋጋው ባይቀንስም ሽያጩ በእጥፍ ይጨምር ነበር።» ሙግቱ ተረፈ? አልተረፈም። እንግዲህ ይህ ግምት የግድ ያስፈልገዋል። ሌላው ምርጫ ደግሞ «ዋጋ የቀነሰ ምግብ ቤት ሁሉ ሽያጩ ይጨምራል» ቢልስ? ገልብጡት፤ «ዋጋ ቀንሶ ሽያጩ ያልጨመረ ምግብ ቤት አለ።» ይኑር እንጂ! የእኛ ምግብ ቤት ጉዳይ አልተነካም። ስለዚህ የግድ አያስፈልግም፤ ይጣል። ስትገለብጡ ግን ተጠንቀቁ። «ሁሉም» ሲገለበጥ «ማንም» አይሆንም፤ «ሁሉም አይደሉም» ነው የሚሆነው።

ሰፊሸንት አሳምፕሽን የሚሉት ሌላ ነው። እሱ ድምዳሜውን ያለምንም ጥርጥር የሚዘጋ ግምት ነው የሚጠይቀው። እዚያ ላይ ጠንካራ ቃል ወዳጃችሁ ነው። «በእነዚያ ወራት ከዋጋው በቀር ሽያጩን ሊያሳድግ የሚችል ምንም ነገር አልነበረም» የሚለው ዓይነት። የግድ የሚያስፈልገው ሲባል ግን ለስለስ ያለውን ምርጫ በትኩረት ተመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እሱ ነው።

ልጆቹን አንዱን ሙግት በአራት ጥያቄ የማሠራቸው ለዚህ ነው። የጥያቄ ዓይነት ስም ዝርዝር ከመሸምደድ ይህ ይሻላል። ክፍተቷን አንዴ ካያችኋት ጥያቄው ቢቀያየር አትደናገሩም።

የምታውቁትን በር ላይ ተዉት

ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ጽሑፉ «አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ለመሆን ሁሉም ሰው የባር ፈተና ማለፍ አለበት» ቢል፣ እናንተ ደግሞ በዊስኮንሲን ግዛት፣ እዚያው ግዛት ካለ ሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ያለ ባር ፈተና ፈቃድ እንደሚያገኝ ብታውቁ፣ እውቀታችሁን ዋጥ አድርጉት። ማስረጃ ሆኖ የተሰጠውን ተቀበሉ። ፈታኙ የሚመዝነው ከተሰጣችሁ ነገር ምን እንደሚከተል ማየታችሁን ነው። ነርሶች በሕክምና ጥያቄ፣ አካውንታንቶች በገንዘብ ጥያቄ ላይ የሚሳሳቱት ለዚህ ነው። ስለሚያውቁ ይጨምሩበታል።

ከላይ ባለው ምሳሌም አስተውሉ። ሁዳዴ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ምርጫው ግን «ሥጋና ወተት የማይበሉበት» ብሎ ጻፈው። እውነተኛውም ፈተና እንዲህ ነው። መልሱ ላይ የሚያደርሳችሁ ነገር ሁሉ ገጹ ላይ አለ። ካልተጻፈ አያስፈልግም።

ትንንሾቹ ቃላት

አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሙግት ባላጋራቸውን የሚይዙት በቃሉ ነበር። «እንዲህ ብለሃል፣ እንዲያ አላልህም» እያሉ። ይህ ፈተናም ያንን ዓይን ይፈልጋል። ትልልቆቹ ቃላት ግራ ያጋባሉ እንጂ ውጤት የሚያሳጡት ትንንሾቹ ናቸው። እነዚህን በአማርኛ አታስቡ፤ እንግሊዝኛውን እንዳለ ይዛችሁ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደማይፈቅድ እወቁ።

«ኦንሊ ኢፍ» እና «ኢፍ» አንድ አይደሉም። «መታወቂያ የያዘ ብቻ ይገባል» ከተባለ፣ የገባው ሁሉ መታወቂያ ይዟል ማለት ነው። መታወቂያ የያዘ ሁሉ ይገባል ማለት ግን አይደለም። አዳራሹ ሞልቶ ሊመለስ ይችላል። ከዚህ ዓረፍተ ነገር በእርግጠኝነት የምታገኙት ሁለት ነገር ነው። ከገባ፣ መታወቂያ አለው። መታወቂያ ከሌለው፣ አልገባም። ሁለተኛው የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ኮንትራፖዚቲቭ ይሉታል። አሠራሩም፣ ሁለቱን ጎኖች ቦታ አቀያይሮ ሁለቱንም ማፍረስ፣ ማለትም «ነው»ን «አይደለም» ማድረግ፣ ነው። ቦታ ብቻ ብታቀያይሩ ስህተት ነው። ማፍረስ ብቻም ስህተት ነው። ሁለቱም አብረው መሆን አለባቸው።

«አንለስ» ሰውን በጣም ያሳስታል። «ዝናብ ካልዘነበ በቀር ሠርጉ ግቢው ውስጥ ይደረጋል።» ከዘነበስ? ሁላችንም «እንግዲያው ግቢው ውስጥ አይደረግም» ብለን እንሰማዋለን። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንዲያ አላለም። ከዘነበ ምን እንደሚሆን ዝም ብሏል። ድንኳን ተጥሎ እዚያው ሊደረግ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። «አንለስ»ን ባያችሁ ቁጥር «ኢፍ ኖት» ብላችሁ ተኩት። «ካልዘነበ፣ ግቢው ውስጥ ነው።» ግልባጩ ደግሞ «ግቢው ውስጥ ካልሆነ፣ ዘንቧል ማለት ነው።» ከዚህ በላይ አንድ እርምጃ አትሂዱ።

«ሰም» ማለት ቢያንስ አንድ ማለት ነው። ሁሉም ሊሆኑም ይችላሉ። «ሞስት» ከግማሽ በላይ ነው፤ እሱም ሁሉም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የሚመጣ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ከአንድ ዕድር አባላት አብዛኞቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ከዚያው ዕድር አባላት አብዛኞቹ ታክሲ ይነዳሉ። ታዲያ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ታክሲ ነጂ አለ? አዎ፣ በእርግጠኝነት። አባላቱ 100 ቢሆኑ፣ ቢያንስ 51ዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቢያንስ 51ዱ ታክሲ ላይ ናቸው። ድምሩ 102 ስለሚሆን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ጋ አሉ። አሁን ደግሞ ይህን እዩ። ከዕድሩ አባላት አብዛኞቹ ታክሲ ይነዳሉ፤ ከከተማው ታክሲ ነጂዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ከዕድሩ አባላት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው? አይታወቅም። የዕድሩ ነጂዎች በሙሉ ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱ «አብዛኞቹ» ከአንድ ቡድን ሲነሡ ይገናኛሉ፤ አንዱ ከሌላው ጫፍ ሲቀጠል ግን መገናኘታቸው አይታወቅም።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

የሙግቱን ስህተት ንገሩኝ የሚለው ዓይነት፣ ፍሎው የሚባለው፣ በየፈተናው ደጋግሞ ይመጣል። ስህተቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ልብሳቸውን ቀይረው ነው የሚመጡት። ተከታትሎ መምጣትን ምክንያት ማድረግ አንዱ ነው፤ በያይነቱን አይተናል። ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ ስለ ሁሉም መናገር ሌላው ነው። የተናጋሪውን ጠባይ ነቅፎ ሐሳቡን ውድቅ ማድረግ። ማስረጃ አልተገኘምና ውሸት ነው ማለት። አንዱን ቃል በሁለት ትርጉም መጠቀም። የእያንዳንዱን አካል ጠባይ ለሙሉው መስጠት። የግድ የሚያስፈልገውን ነገር በቂ አድርጎ መያዝ፤ የመታወቂያው ጉዳይ።

በመቶኛና በቁጥር መካከል ያለውን ግን ለብቻው እዩት፤ ጎበዞችም ይስቱታል። «አምና ከማኅበሩ አባላት 40 በመቶው ሴቶች ነበሩ። ዘንድሮ 50 በመቶ ሆነዋል። ስለዚህ የሴት አባላት ቁጥር ጨምሯል።» አምና አባላቱ 1,000፣ ዘንድሮ 600 ቢሆኑስ? ሴቶቹ ከ400 ወደ 300 ወርደዋል። በመቶኛው ጨመረ፣ ቁጥሩ ቀነሰ። ማስረጃው ስለ ድርሻ አውርቶ ድምዳሜው ስለ ብዛት ካወራ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ክፍተቱን አገኛችሁ።

የፍሎው ምርጫዎች የሚጻፉበት እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። «ቴክስ ፎር ግራንትድ» ካለ፣ ሙግቱ ያለ ማስረጃ ተቀብሏል እያለ ነው። «ኦቨርሉክስ ዘ ፖሲቢሊቲ» ካለ፣ ሙግቱ አንድ አማራጭ ዘንግቷል እያለ ነው። እነዚህን እንደ አንድ ቃል አጥኗቸው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን እያንዳንዱን ቃል ወደ ጽሑፉ ወስዳችሁ አመሳክሩ። «አንድን ክስተት ከሌላ ክስተት ስለቀደመ ብቻ መንስኤው አድርጎ ይወስዳል» ካለ፣ የትኛው ክስተት? ዋጋ መቀነሱ። ሌላውስ? ሽያጩ። ገጠመ። አንዲት ቃል ባዶዋን ከቀረች ምርጫው ይጣላል። ግማሹ ትክክል የሆነ ምርጫ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው።

የቀሩትን ዓይነቶች በአጭሩ ልለፍ። ኢንፈረንስ፣ ከጽሑፉ የሚከተለውን ንገሩኝ የሚለው፣ ሲሆን ክፍተት አትፈልጉ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ ከዚያ የግድ የሚወጣውን ያዙ፤ «ሁልጊዜ»፣ «ከሁሉ በላይ» የሚሉ ምርጫዎችን ጠርጥሩ፣ «ቢያንስ አንዳንድ» የሚሉትን ደግሞ አትናቁ። የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ተሰጥተው አስረዱ ሲባል፣ መልሱ ሁለቱንም እውነት አድርጎ የሚያስታርቅ መሆን አለበት፤ አንዱን ሐሰት የሚያደርግ አይሆንም። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የማይስማሙበት ምንድን ነው ከተባለ፣ ምርጫውን ይዛችሁ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «አይደለም» ይሉ እንደሆነ እዩ። አንዳቸው ስለዚያ ምንም ካልተናገሩ አይሆንም። ፓራለል ሪዝኒንግ፣ ተመሳሳይ ሙግት ፈልጉ የሚለው፣ ረጅም ነው። ነጥቡ ግን እንደሌላው አንድ ነው። ለመጨረሻ አቆዩት።

ልምምድ

የፈተናው ባለቤት ኤልሳክ፣ ሎውሐብ በሚባለው ድረ ገጹ ላይ በነጻ አካውንት የሚከፈቱ እውነተኛ ያለፉ ፈተናዎችን ያስቀምጣል። መጀመሪያ እነሱን ሥሩ። በሌላ ሰው የተጻፉ የማስመሰያ ጥያቄዎች ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ የእኔም የበያይነቱ ምሳሌ ዘዴውን ለማሳየት እንጂ እውነተኛውን ለመተካት አይደለም። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ኤልሳክ ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ፕሮግራም አለው፤ ከመመዝገባችሁ በፊት አመልክቱ። ብዙ የእኛ ሰው ይህን ሳያውቅ ከኪሱ ይከፍላል፣ ያሳዝነኛል።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰዓት አትያዙ። እያንዳንዱን ጥያቄ ድምዳሜውን፣ ማስረጃውን፣ ክፍተቱን በደብተር ጽፋችሁ ሥሩ። አዝጋሚ ነው። ይሁን። ፍጥነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሰዓት መያዝ ስትጀምሩ እንዲህ አድርጉ። 35 ደቂቃ ያዙ፣ ክፍሉን ሥሩ፤ የተጠራጠራችሁባቸውን ሁሉ ምልክት አድርጉባቸው። ሲያልቅ መልሱን አትዩ። ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ያለ ሰዓት እንደገና ሥሯቸው፤ ሁለተኛውንም መልስ ጻፉ። አሁን መልሱን ክፈቱ። ብላይንድ ሪቪው ይሉታል። በሰዓት ተሳስታችሁ ያለ ሰዓት ያገኛችሁት ከሆነ ችግራችሁ ጊዜ ነው። ሁለቴም ከተሳሳታችሁ ሙግቱ አልገባችሁም፤ መሥራት ያለባችሁም እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ ሕመሞች መድኃኒታቸው ይለያያል።

የተሳሳታችሁትን በደብተር መዝግቡ። «ሐን መረጥኩ፣ መልሱ ለ» ብቻ አይበቃም። ሐ ለምን እንዳማራችሁ ጻፉ። «አንዳንድ የሚለውን እንደ ብዙ አነበብኩት።» «ስለ ሕክምና የማውቀውን ጨመርኩበት።» ጥቂት ገጽ ሲሞላ የራሳችሁ ዓመል ፊት ለፊታችሁ ይወጣል። ያ የፓርኪንግ ሠራተኛ ደብተሩን ሲያገላብጥ፣ ስህተቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ድምዳሜውን ከልክ በላይ ሰፊ አድርጎ ከማንበብ የመጣ ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ ድምዳሜውን ሳይጽፍ ወደ ምርጫ አይሄድም።

ደግሞም ከሰው ጋር ሥሩ። አንዱ ሀን፣ ሌላው መን ይዞ ይከራከር። የሌላውን ምርጫ ለምን እንደማይሆን በቃል ማስረዳት የማይችል ሰው መልሱን ቢያገኝም ገና አልያዘውም።

የፈተናው ቀን

የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። ስለዚህ ባዶ የሚቀር ጥያቄ አይኑር። ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስክሪኑ ያስጠነቅቃችኋል፤ ያኔ ያልተነኩትን ሁሉ በአንድ ፊደል ሙሏቸውና ከዚያ በተረፈው ጊዜ አንድ በአንድ ተመለሱባቸው።

አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ቀለል ይላሉ፤ ወደ መጨረሻው ይከብዳሉ። ከባዱም ቀላሉም እኩል አንድ ነጥብ ነው። ሁለት ደቂቃ ሞልቶ በሁለት ምርጫ መካከል ከቆማችሁ አንዱን ያዙ፣ ምልክት አድርጉ፣ እለፉ። በሁለት ምርጫ ስትወላውሉ ሁለቱን እርስ በርስ አታወዳድሩ። እያንዳንዱን ለብቻው ወደ ድምዳሜው ውሰዱት። የማይነካው ይወድቃል። የጣላችሁትን ምርጫ ስክሪኑ ላይ መሰረዝ ይቻላል፤ ሰርዙት፣ ዓይናችሁ እየተመለሰ እንዳይደክም።

ከሁለተኛው ክፍል በኋላ የ10 ደቂቃ እረፍት አለ። ተነሡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ትንሽ ቅመሱ። ነጥብ የሌለው ክፍል የቱ ነበር ብላችሁ አትገምቱ፤ ከባድ ስለነበረ ብቻ መሞከሪያው ነው ብሎ የተዘናጋ ሰው የሚቆጠርበትን ክፍል ሊጥል ይችላል። አራቱንም እንደሚቆጠሩ አድርጋችሁ ሥሩ።